ጋሽ ስፖንጅና ሁለቱ መርፌዎች

ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ስፖንጅ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ከሱቁ ጀርባ ያሉት አናጢዎች ናቸው፤ ከሥራ ሲወጣ ጸጉሩም ጺሙም የስፖንጅ ብናኝ ለብሶ ስለሚታይ። ሥራው ሶፋ ማልበስ ነው። እሱ ራሱ ግን «የሶፋ ሐኪም ነኝ» ይላል፤ አዲስ ከመሥራት ይልቅ የሰመጠውን ማቅናት፣ የተቀደደውን ማልበስ፣ ሞላው የወጣበትን መልሶ መክተት ይወዳል። ሚስቱ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር በተቀመጠችው የስፌት መኪና ልባሱን ትሰፋለች። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይወጥራል። ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን እዚያው የጨርቅ ጥቅል ላይ እያስተኙ አሳድገዋል። ሲጣሉም እዚያው ነው የሚጣሉት፣ እሱ መዶሻውን እያስጮኸ፣ እሷ ፔዳሉን እየረገጠች።

ጋሽ ስፖንጅ ሆድ አለው። ሆድ ሲባል ደግሞ የምር ሆድ። ሲጋቡ ቀጭን እንደነበር ሚስቱ ምላ ትናገራለች፤ የሚያምናት ግን የለም። እሱ ሆዱን አያፍርበትም ነበር። እንዲያውም «ሦስተኛው እጄ» ይለዋል፤ በአንድ እጁ ጨርቁን ሲወጥር፣ በሌላው ሲመታ፣ የሶፋውን ጠርዝ ገፍቶ የሚይዝለት ሆዱ ነው። ሥራው ሲያልቅ ደንበኛው ፊት ዘፍ ብሎ ይቀመጥበትና፣ «እኔን የቻለ ማንን አይችልም?» ይላል። ደንበኛው እየሳቀ ሶፋውን ያስጭናል።

ነገሩ የጀመረው በድካም ነው። ጠዋት ከገባ እስከ ማታ ቁጭ የማይለው ሰው ረፋድ ላይ ጉልበቱ ይከዳው ጀመር። ሊጠግነው በመጣ ሶፋ ላይ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ጋደም ይላል፣ ከዚያ ጭልጥ። ሲነቃ ስኳር የተቆለለበት ሻይ፣ ከዳቦ ቤቱ ኬክ፣ ሞቅ ካለ ደግሞ ለስላሳ። «ጉልበት ይሆነኛል» እያለ ይወስዳል፤ ጉልበቱ ግን የት እንደሚገባ እንጃ። አንድ ቀን አንዲት የጥርስ ሐኪም ያሠራችው ወንበር ተመልሶ መጣ። ጨርቁ ላልቶ ተሸብሽቧል። በዚያ ሁሉ ዘመን የወጠረው ጨርቅ ሲመለስበት ያ የመጀመሪያው ነበር። ሴትዮዋ ክፉ ቃል አልተናገረችም፣ «ምናልባት ጨርቁ ይሆናል» አለችው እንጂ። ይህ ባሰበት። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ሥራውን መሀል ላይ ጥሎ፣ «እንጨት አይቼ ልምጣ» ይልና ወደ አናጢዎቹ ግቢ ይሄዳል። የጋራው ሽንት ቤት እዚያ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን ከመኪናዋ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ዛሬ ደግሞ ስንተኛው እንጨት ነው?»

«ምን?»

«አንተ ሰውዬ፣ እንጨት የሚታየው ሽንት ቤት ውስጥ ነው እንዴ? ደጋግመህ ትሄዳለህ፣ ቆይተህ ትመለሳለህ፣ ስትመለስ ደግሞ ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ዕድሜ ነዋ።»

«ዕድሜማ እኔም አለኝ» አለችና መርፌዋን ወደ ጨርቁ መለሰች። ነገሩን ግን አልረሳችውም።

ታናሽ ወንድሙ መንገዱ ማዶ የስፖርት ቤት አለው፤ ክብደት ማንሻ፣ መስታወት፣ ጮክ ያለ ሙዚቃ። ብረቱ ነው የሚሉት። ደረቱ ከመስፋቱ የተነሣ የሶፋ ሱቁን በር በጎኑ ነው የሚገባው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገው ጋሽ ስፖንጅ ነው፤ ጫማ የገዛለት፣ ትምህርት ቤት የመዘገበው፣ ሲያጠፋ የቆነጠጠው። ስለዚህ ወንድሙን ሲያይ ጎልማሳው ሰውዬ ልጅ ይሆናል። ተመልሶ የመጣውን ወንበር ወሬ ሰምቶ አንድ ቅዳሜ ከተፍ አለ።

«ጋሼ፣ እኔ በሽታህን አውቄዋለሁ። የወንድ ሆርሞንህ ወርዷል። ስፖርተኞቼ የሚወጉት መርፌ አለ፣ እኔም እወስደዋለሁ። አንድ ወር ሳይሞላ ኮርማ ነው የምትሆነው።»

«ኮርማ ሆኜ የት ልሄድ?» አለ ጋሽ ስፖንጅ። ዓይኑ ግን ቦግ አለ። ላልቶ የተመለሰው ወንበር እዚያው ጥግ ቆሞ ያየዋል።

«መጀመሪያ ደሙን ይታያል» አለች ሚስቱ።

«እትዬ ደግሞ! እኔ ወንድሜን ልጎዳው ነው?»

«አትጎዳውም። አብዝተህ ስለምትወደው ነው የፈራሁህ። የሚወድ ሰው ይቸኩላል።»

ሁለቱ ሽንጣቸውን ገትረው ሲከራከሩ ጋሽ ስፖንጅ መሀል ላይ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። ለብረቱ ሊፈርድ ዳድቶት ነበር። ነገር ግን ሚስቱ የመኪናዋን ክዳን ደፍታ ነጠላ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ስትቀይር አየ። እሷ የቆዳ ጫማ ካደረገች ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው ወጣት ዶክተር ናት፣ በዕድሜ ከትንሹ ልጃቸው ብዙም የማትበልጥ። የወገቡን ዙሪያ ልትለካ ሜትሯን አዞረች፤ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። ዶክተሯ እንዳታሳፍረው ብላ ወደ መሳቢያዋ ዞረች። ሚስቱ ግን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የረሳችውን የስፌት ሜትር መዘዝ አድርጋ ሰጠቻት።

«እንቺ ልጄ፣ ይሄ ለሶፋም ይበቃል።»

ሦስቱም ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ጋሽ ስፖንጅ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን የሚስቱን እጅ ፈለገ።

የደሙ ውጤት ሲደርስ ዶክተሯ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳቻቸው። «ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ የስኳር በሽታ አልሆነም፣ ደጃፉ ላይ ግን ቆሟል። የወንድ ሆርሞንዎም ወንድምዎ እንዳሉት ወርዷል።»

ጋሽ ስፖንጅ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን ሚስቱን አያት።

«ግን ለምን እንደወረደ ሳናውቅ አንሞላውም» አለች ዶክተሯ። «ሆድ ላይ የሚከማች ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፣ ይሠራል። የወንዱን ሆርሞን ወደ ሴት ሆርሞን ይቀይራል። ኢንሱሊን እንዲበዛም ያደርጋል።»

«ወደ ሴት?» አለ ጋሽ ስፖንጅ ሆዱን በጥርጣሬ እያየ።

«ሽንት ቤት ስለሚያመላልሰውስ፣ የፕሮስቴቱ ምርመራ ምን አለ?» አለች ሚስቱ።

«ከሽንት ፊኛው ሥር ያለችው ዕጢ በደም ውስጥ የምታሳየው ቁጥር ለዕድሜያቸው ብዙም የሚያስደነግጥ አይደለም። እኔ ግን አላመንኩትም። ሰውነት ሲገዝፍ ደምም ይበዛል፣ ቁጥሩ በብዙ ደም ውስጥ ይቀጥናል። ሆርሞኑ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ትንሽ መስሎ የሚታየን ትንሽ ላይሆን ይችላል። ጋሼ፣ አባትዎ በምን አረፉ?»

«ሽንት እምቢ ብሎት ነው።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። የዚያኑ ቀን ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ወደ አንድ ጸጉራቸው ወደ ነጣ፣ ቃል ወደሚቆጥቡ ሐኪም ላከቻቸው።

ጋሽ ስፖንጅ በሕይወቱ የስንቱን ሶፋ ሆድ ዕቃ በእጁ በርብሯል። የራሱ ተራ ደርሶ ሐኪሙ በጓንት ጣታቸው ከኋላ ሲመረምሩት ግን በግድግዳው ላይ ያለችውን የመብራት ማብሪያ አፍጥጦ እያየ፣ «ዶክተር፣ ሶፋ እንኳ እንዲህ አልተደፈረም» አለ። ሽማግሌው ሐኪም ፈገግ አሉ። ቀጥለው ግን ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ጓንታቸውን እያወለቁ፣ «አንድ ጠንከር ያለ ቦታ አለ። ናሙና እንወስዳለን» አሉት።

የናሙናው ውጤት ሲመጣ ሁለቱም ነበሩ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው አሏቸው። ቀስ ብሎ ከሚያድገው ከሰነፉ ዓይነት አይደለም፣ ቸኳይ ነው፤ ነገር ግን ከዕጢዋ አልወጣም፣ በጊዜ ተገኝቷል። ጋሽ ስፖንጅ ክው ብሎ ቀረ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ከሻዩ ነው?»

ሽማግሌው ሐኪም መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ከዚህ ነው ብሎ ጣቱን የሚቀስርልህ ሐኪም ቢያጋጥምህ አትመነው» አሉት። «ዕድሜ አለ። የአባትህ ደም አለ። ውፍረቱ ደግሞ፣ በተለይ የሆድ ሲሆን፣ ክፉው ዓይነት በሚይዛቸው ሰዎች ላይ በዝቶ ይታያል፤ ኢንሱሊኑና ሌሎች መልእክቶች ሴሎችን እደጉ፣ እደጉ የሚሏቸው ይመስለናል። ሁሉንም አላወቅነውም። አንተ ግን ጠርተህ አላመጣኸውም። ይህን ያዝልኝ።»

በዚያ ቀን ወደ ሱቅ ተመለሱ፤ ቤት ሄደው ምን ሊያደርጉ? እሱ መዶሻውን አነሣ። እሷም መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ድንገት የመኪናዋ ድምፅ ቆመ፤ ዞር ብሎ ሲያያት ልባሱን ገልብጣ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ ሰፍታው ኖሯል። በዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሚስቱ ስፌት ስትሳሳት አይቶ አያውቅም። አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና፣ ትንሿን መቀስ ወስዶ ክሩን አንድ በአንድ ይተረትርላት ጀመር። ሲመሽ መብራት ሳያበሩ እዚያው ነበሩ።

ለብረቱ የነገሩት በማግስቱ ነው። ያ ሁሉ ጡንቻ ፊታቸው ላይ ሙሽሽ አለ።

«በዚያ መርፌ ልገድልህ ነበር፣ ጋሼ። በገዛ እጄ።»

«ዝም በል እባክህ። አንተ በመርፌህ ባትነዘንዘኝ እሷም ወደ ሐኪም አትጎትተኝም ነበር። ይልቅስ አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ሽንት እምቢ ያለው ሰውዬ የኔ አባት ብቻ ነበር እንዴ?»

ብረቱ ነገሩ ገባው። ገብቶትም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዛሬ ደንበኛ አለብኝ፣ ነገ ዕቃ ይመጣልኛል፣ እኔ እኮ ስብ የለኝም፣ እኔ እኮ ጤነኛ ነኝ። ጋሽ ስፖንጅ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስፖርት ቤቱ ገባ፣ ሙዚቃውን አጠፋ፣ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ወንድሙን ልክ ትምህርት ቤት ሊያስመዘግበው እንደሚወስደው ጊዜ እጁን ያዘው። መቶ ኪሎ የሚያነሣው ሰውዬ ተከተለው። ወረፋ ሲጠብቁ መዳፉ በላብ ረጥቦ ነበር። ምርመራው ንጹሕ ሆነ፤ መርፌውን ግን እንዲተው፣ እየተከታተለም እንዲታይ ወጣቷ ዶክተር ፊት ለፊት ነገረችው። ለእሱ «ጋሼ» አላለችውም። ብረቱ ከመርፌው የተረፈውን ሰብስቦ አስወገደው፤ በዚህም ሁለት ሦስት ደንበኛ ኮበለለበት።

የጋሽ ስፖንጅ ሕክምና ጨረርና መርፌ ነበር። መርፌው የሚሠራውን ሲነግሩት ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አንደኛው መርፌ ሆርሞኔን ሊሞላልኝ ነበር፤ ይሄኛው ሊያንጠፈጥፈው ነው!» ሽማግሌው ሐኪም አብረውት ሳቁና፣ «ሆርሞኑ በሽታውን አመጣው አልልህም። ካለ በኋላ ግን ይቀልበዋል። ስለዚህ ቀለቡን እንከለክለዋለን» አሉት።

ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት የአንድ ሆቴል ወንበር እያለበሰ ሳለ ከደረቱ የተነሣ እሳት ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ጆሮው ወጣ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሸሚዙን ከፈተ፣ በሩን ከፈተ፣ አልበቃው ሲል የጨርቅ ካታሎጉን አንሥቶ ያርገበግብ ጀመር።

«ተቃጠልኩ! ልብሴ ተያይዞ ነው እንዴ? እይኝ እስቲ!»

ሚስቱ አየችው። ቀና ብላ ደህና አድርጋ አየችው። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ መጣና አልቆም አላት፤ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል? ሰው እየሞተ!»

«አትሞትም። እኔ የወር አበባዬ ከቆመ ወዲህ ስንት ዓመት እንዲህ ሲያቃጥለኝ ሞትኩ? ያኔ መስኮት ስከፍት 'ሴትዮ፣ በረዶ ቤት ልታደርጊን ነው?' ትለኝ ነበር። እንኳን ደህና መጣህልኝ!»

ስቃ ስታበቃ ተነሥታ ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ ማጅራቱ ላይ ጣል አደረገችለት። ከዚያ ወዲያ አስተማሪው እሷ ሆነች። ሲመጣ አትታገለው፣ ያልፋል። ወፍራም ሹራብ ተው፣ ስስ ስስ ደርበህ ልበስ። የሚፋጅ ነገር አትጠጣ። እሱም እንደ ደህና ተማሪ ሁሉንም እሺ አለ። አንዳንዴ የሁለቱም ሙቀት ባንድ ላይ ይመጣና መስኮቱንም በሩንም ከፍተው ሲያርገበግቡ፣ አናጢዎቹ ከግቢው፣ «ጋሽ ስፖንጅ፣ ዶሮ ልትጠብሱ ነው?» ይሏቸዋል።

ሙቀቱስ ይሁን። እንባው ግን ግራ አጋባው። እንባ የማያውቅ ሰው የሬዲዮ ማስታወቂያ ያስለቅሰው ጀመር። አንድ ሽማግሌ ያሠሩትን አሮጌ ወንበር ተረክበው፣ «የባለቤቴ ወንበር ነበር፣ አሁንም እሷን መሰለ» ሲሉት ወደ ጓዳ ሮጠ። ሌላም ነበር፣ አፍ አውጥቶ ያልተናገረው። የሚስቱ ገላ አጠገቡ እያለ ምንም አይታወቀውም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ያዘ።

እሷ ቀን ጠበቀችለት። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ደንበኛ ጠፍቶ፣ ባለቤቱ ሊወስደው ያልመጣ አዲስ የለበሰ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ «ግድግዳው ምን ይልሃል?» አለችው።

«የቱ ግድግዳ?»

«የመኝታ ቤታችን። ይኸው ስንት ጊዜ ከሱ ጋር ነህ።»

ጋሽ ስፖንጅ አቀረቀረ። «ወንድነቴን እኮ ነው የወሰዱት» አለ። «ምን ይዤ ልዙርልሽ?»

«አይ አንተ!» አለችው። «እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የተኛሁት ጀርባዬን ሆድህ ላይ አስደግፌ ነው። ሆድህን ወሰዱት እንዴ? እኔ እንደማየው አለ። ብርድ እየመታኝ ነው፣ ሰውዬ። ዙርልኝ።»

ሳቀም አለቀሰም። ሶፋው እስኪወሰድ ድረስ ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ነበር።

ሆዱማ እንዳለ ነበር፤ እንዲያውም መጨመር ጀምሮ ነበር። ሐኪሞቹ አስቀድመው አስጠንቅቀውታል፤ መርፌው ጡንቻ ያሟሽሻል፣ ስብ ያበዛል፣ ስኳር ይገፋል፣ አጥንት ያሳሳል። ስለዚህ መራመድና ክብደት ማንሣት የሕክምናው ግማሽ ነው አሉት። ብረቱ ይህን ሲሰማ ዓለም የሱ ሆነች። በመጨረሻ ለወንድሙ የሚያውቀው ሥራ ተገኘ! ጋሽ ስፖንጅ በሥራ ሱሪው፣ ኪሱ ውስጥ የምስማር ፍሬ እየተንኳኳ ስፖርት ቤት ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ያነሣው ብረት ለሕፃን መጫወቻ ይሆናል። ብረቱ ግን አጠገቡ ተንበርክኮ፣ «ጎበዝ ጋሼ! አንድ ለኔ፣ ጋሼ!» እያለ እንደ ሻምፒዮን ያሟሙቀዋል። ሻዩም ስኳሩ ተወሰደበት። መጀመሪያ ቀን «ይህ ሻይ ሳይሆን ሐዘን ነው» አለ፤ ጠጣው ግን። ቀስ በቀስ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በወስፌ መብሳት ግድ ሆነ፣ ስኳሩም ከደጃፉ ራቅ አለ።

ልጆቹን ያናገራቸው በአንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው። ትልቁ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ትንሹ የሒሳብ መምህር ነው። «አያታችሁ ሽንት እምቢ ብሎት ሞተ፣ እኔን ካንሰር ያዘኝ። ቀጥሎ ተራው የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ማንም ላይሆን ይችላል። ዕድሜያችሁ ሲደርስ ግን ትታያላችሁ። ሐኪሙ ደግሞ ጣቱን...»

«አባዬ፣ ምግብ ላይ!» አለ ትንሹ።

«ምግብ ላይ ካልሆነ አንድ ላይ የት አገኛችኋለሁ?»

ትልቁ ጆሮው ቀልቶ ሳህኑን ያያል። መንዳት ከጀመረ ወዲህ ሆዱ መሪውን ሊነካ ተቃርቧል። እናቱ ሁለተኛውን የኬክ ቁራጭ ከፊቱ አንሥታ በምትኩ ብርቱካን አኖረችለት። «እማዬ ደግሞ!» አለ፤ ብርቱካኑን ግን ላጠው።

መርፌው ካበቃ ቆይቷል። ሙቀቱ ቀነሰ፣ እንባውም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከሌላው ጉልበቱ ደግሞ የተመለሰለት ተመልሷል፣ ያልተመለሰውን አብረው ለምደውታል። በየጊዜው ደሙን ይታያል። የሚታይበት ሳምንት ሲቃረብ ጋሽ ስፖንጅ ሰው አይሆንም። መዶሻው ጠፋ ብሎ ይጮኻል፣ መዶሻው እጁ ላይ ነው። ክሩ ቀለሙ ልክ አይደለም ይላል፣ ራሱ ነው የመረጠው። ሚስቱ ምን እንደሆነ ስለምታውቅ የቆዳ ጫማዋን አውጥታ ትወለውላለች።

ባለፈው ጊዜ ወጣቷ ዶክተር ወረቀቱን አይታ፣ «ጋሼ፣ ቁጥሩ አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ደግሞ እስከሚቀጥለው» አለችው። በጠባቡ ኮሪደር ሲወጡ ክንዷን ያዘው፤ እግሩ እንደ ልጅ ቀልሎታል። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሲደርሱ ግን ጠብ ተነሣ። የጥርስ ሐኪሟ ለክሊኒኳ መጠበቂያ ክፍል ሙሉ ወንበር ልታሠራ ነው፤ እሱ ጨርቁ አረንጓዴ ይሁን ይላል፣ እሷ ሰማያዊ።

«አረንጓዴ ልብ ያሳርፋል» አለ።

«አረንጓዴ ቆሻሻ ይይዛል።»

«አንቺ ስለ ጨርቅ ምን ታውቂያለሽ?»

አውቶቡሱ መጣ፤ እየተጨቃጨቁ ገቡ፣ እየተጨቃጨቁ ተቀመጡ፤ የማያውቁት ሹፌር በመስታወት አያቸውና በሩን ዘጋ።